የሙግት ወግና የፖለቲካ ልዩነት

(በሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ለሟች ቤተሰብ ‹‹እግዚአብሔር ያጥናችሁ›› ብሎ መቀመጥ ነው። ጥቂት ቆይቶ ድንኳኑ ውስጥ ጨዋታ ይጀመራል። ጨዋታው ከዝናሙና ከኑሮው ውድነት ተነሥቶ ወደ አገር ጉዳይ መሻገሩ አይቀርም። ዛሬ ግን ከዚህ መሻገሪያ ላይ ሲደረስ ዝምታ ይወርዳል። በአግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ይተያያሉ፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ስሙ ማን እንደ ሆነ፥ አነጋገሩ ወዴት እንደሚያደላ፥ የየት አገር ልጅ እንደ ሆነ በልባቸው ይመዝናሉ። ሚዛኑ ካልጣማቸው ነገሩ ወደ እግር ኳስ ይዞራል። ከጣማቸው ደግሞ ሁሉም በየተራው ያንኑ ነገር ይናገራል፤ የሚቃወም የለምና ጨዋታው የሞቀ ይመስላል። ከሁለቱ በአንዱም ክርክር አልተደረገም።

የዚህ ንግግር ርእሰ ነገር ይኸው ነው። የፖለቲካ ሐሳባቸው የተለያየ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፥ አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ፥ ለተጠየቀውም መልስ ሰጥቶ የሚለያዩበት ወግ እንዴት እየመነመነ እንደ መጣ መመርመር ነው። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ የልዩነቱን መስፋት ያመካኛል። ይህ አስተያየት ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። በዚህ አገር የፖለቲካ ክርክር እጅግ የከፋውን አወዳደቅ የወደቀው ሐሳባቸው እጅግ በተቀራረበ፥ ያንኑ መጽሐፍ ባነበቡ፥ በአንድ ማደሪያ ቤት ባደሩ ሰዎች መካከል ነው። የጠፋው ስምምነት አይደለም፤ ስምምነትማ ቀድሞም ብዙ አልነበረም። የጠፋው ለተጠየቁት የመመለስ ግዴታ ነው።

ይህን ነገር በሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ማንሣት ያለ ምክንያት አይደለም። ለተጠየቁት መመለስ በዚህ አገር መጀመሪያ የፍርድ አደባባይ ወግ ነበርና። በጥንቱ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ሲቆሙ ጠላትነታቸውን ከደጅ ትተው አይገቡም ነበር፤ እንዲያውም ዘለፋውና ሽሙጡ፥ በግጥም የተሸመነው አነጋገር ሁሉ የሙግቱ ጌጥ ነበረ። ‹‹በላ ልበልሃ›› ተብሎ ሲጀመር ሕዝቡ የሚሰበሰበው ፍርዱን ለመስማት ብቻ ሳይሆን አንደበቱን ለማድነቅም ነው። ነገር ግን የቃሉ ውበት ብቻውን አያድንም ነበር። አንዱ ‹‹ተጠየቅ›› ባለ ጊዜ ሌላው ለተባለው ነገር አዎን ወይም አይደለም ማለት ነበረበት። ይህን ሳይመልስ ‹‹አንተስ ባለፈው ዓመት ምን አድርገህ ነበር?›› ብሎ መሻገር ከነገር መሸሽ ነው፤ ያ ሌላ ክስ ነውና በተራው ይሰማል። ማር ወይም ፈረስ፥ አለዚያም በቅሎ ተብሎ ውርርድ ሲገባም የሚገባው በአንድ ተለይቶ በታወቀ ነገር ላይ ነው፤ ይህ ነገር ተደርጎአል ወይስ አልተደረገም በሚል።

ዳኛም የግድ ሹም አልነበረም። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ‹‹በሕግ አምላክ›› ተባብለው ከቆሙ በኋላ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። ያ መንገደኛ የአንዳቸውም ዘመድ ላይሆን ይችላል፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። በትልልቁ ችሎት ደግሞ በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ፍርዳቸውን ሲሰጡ የሚጀምረው ከበታቹ ነበረ፤ ትልቁ ሰው በመጨረሻ ይናገራል። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ እርሱን ከመከተል በቀር የራሱ የሆነ ቃል እንደማይኖረው አባቶች ዐውቀውት ነበር። በዛሬው ዘመን ስብሰባ ሊቀ መንበሩ ለአንድ ሰዓት ከተናገረ በኋላ ‹‹እስቲ አስተያየት ስጡ›› ሲል ለሚያይ ሰው የዚህ ሥርዓት ብልኅነት ሳይገለጽለት አይቀርም።

ይሁን እንጂ የጥንቱን ሙግት ከሚገባው በላይ ማሞገስ አያስፈልግም። ገባር ከመልከኛው ጋር ሲሟገት አንደበቱ የቱን ያህል ቢሰላ ሚዛኑ አስቀድሞ አዘንብሎ ይጠብቀው ነበር። እጅ መንሻና መማለጃ ነበረ። አፉ የማይፈታለት ሰው እውነቱን ይዞ ተሸንፎ የሚመለስበት ቀን ጥቂት አልነበረም። ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በ1958 ዓ.ም. ሲወጡ የዋርካውን ሥር ችሎት በማስቀረታቸው ብዙ የሚያስለቅስ ነገር የለም። የሚያስደንቀው የሥነ ሥርዓት ሕጉ ዋናውን ነገር ይዞ መቅረቱ ነው። ተከሳሹ በክስ ማመልከቻው ላይ የተገለጸውን ፍሬ ነገር ነጥሎ በዝርዝር ካልካደ እንዳመነው ይቆጠራል። ‹‹ክሱን በሙሉ ክጃለሁ›› ብሎ በአንድ ቃል መጠቅለል አያዋጣም። ይህም ‹‹ተጠየቅ›› የሚለው ወግ የዘመን ልብስ ለብሶ ከመምጣቱ በቀር ሌላ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ያለ ጠበቃ ሁሉ ይህን ደንብ እንደ ስሙ ያውቀዋል። ደንቡ ከችሎት ደጃፍ ወጥቶ ወደ አገር ጉዳይ ለምን አልተሻገረም? ቢባል ግን መልሱ ያን ያህል አይቀልም።

አንዳንድ ጊዜ ተሻግሮ ያውቃል፤ ነገር ግን መጨረሻው ላይ ይሰናከላል። በቤተ ክህነት ጉባኤ ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ‹‹አንድም›› እያለ ልዩ ልዩ ፍቺዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የለመደ ነበረ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን ሳይስማሙ ያንኑ መጽሐፍ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ልዩነቱ የአልጋ ጉዳይ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ባስደረጉት ጉባኤ የተከራካሪዎቹ ሊቃውንት ቃል ተሰምቶአል፤ ክርክሩን የቆረጠው ግን የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ነበረ። ዳኛው ራሱ ከተሟጋቾቹ የአንደኛው ወገን ነበረና። ይህ ነገር ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታይቶአል፤ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። ከሁሉ ይልቅ በቅርብ ሊመረመር የሚገባው የ1968 ዓ.ም. ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና በውጭ አገር ይማሩ የነበሩት ወጣቶች ክርክር የሚወዱ ነበሩ። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ አንባቢውን ለሁለት የከፈለ ቢሆንም፥ የተቆጣውም የደገፈውም የተጻፈውን አንብቦ ነበር የሚቆጣውና የሚደግፈው። በ1963 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር 19ኛ ጉባኤውን ሎስ አንጀለስ ላይ ሲያደርግ በዚሁ ጥያቄ ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በድርጅቶች መካከል ሆነ። የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፥ ማለት መኢሶን፥ በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፥ ማለት ኢሕአፓ፥ ተብሎ የታወቀው ድርጅት ደግሞ በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተመሠረተ።

እነዚህ ሁለት ድርጅቶች በምን ይለያዩ እንደ ነበር ዛሬ ለሚጠይቅ ወጣት ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሁለቱም ማርክሳውያን ነበሩ። ሁለቱም መሬት ለአራሹ ይሉ ነበር፤ የየካቲት 1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ ሁለቱም የድል ፍሬ አድርገው ተቀበሉት። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በድብቅ እየታተሙ ይሠራጩ የነበሩት ‹‹ዴሞክራሲያ›› እና ‹‹የሰፊው ሕዝብ ድምፅ›› በመጀመሪያ ሁለቱም ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ይጠይቁ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ወታደሮቹ ሥልጣኑን ይዘው በቆዩ ጊዜ ነው። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥቱ አሁኑኑ ይቋቋም፥ ዴሞክራሲውም ገደብ አይኑርበት አለ። መኢሶን ደግሞ ሕዝቡ ገና አልተደራጀም፤ ስለዚህ እስኪደራጅና እስኪነቃ ድረስ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጡ የተገኘውን ጊዜ መጠቀም ይሻላል አለ።

በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። በዚያው ዓመት በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ‹‹አብዮታዊ መድረክ›› የተባለ ዐምድ ተከፍቶ የሁለቱ ድርጅቶች ደጋፊዎች በመንግሥት ጋዜጣ ላይ በግልጽ ይከራከሩ ጀመር። በኢትዮጵያ የጋዜጣ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም ቢባል ከእውነት አያርቅም። ዕለታዊ ጋዜጣ ስለ መንግሥት ሥልጣን ምንነት የሚጣሉ ሁለት ሐሳቦችን ለአንባቢ ያቀርብ ነበር፤ አንባቢውም ጋዜጣውን ለዚሁ ሲል ይገዛ ነበር።

እዚያ መድረክ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንደኛው ለኢሕአፓ የቀረበው ነው፦ ሕዝቡ በማኅበርና በፓርቲ ካልተደራጀ ጊዜያዊውን ሕዝባዊ መንግሥት የሚያቋቁመው ማን ነው? ሁለተኛው ለመኢሶን የቀረበው ነው፦ ወታደሮቹ ሥልጣኑን አንለቅም ቢሉ ሂሳዊው ድጋፍ የሚያበቃው መቼ ነው፥ ያን ጊዜስ ዋስትናው ምንድን ነው? ሁለቱም ጥያቄዎች የሚገባቸው፥ ጨዋ ሰው ሊጠይቃቸው የሚችል ጥያቄዎች ነበሩ። አንዱም ፊት ለፊት አልተመለሰም። ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠው ምላሽ ጠያቂው ባንዳ ነው የሚል ሆነ፤ ለሁለተኛውም ጠያቂው አናርኪስት ነው የሚል። ‹‹ባንዳ›› በአምስቱ ዓመት ወረራ ለኢጣሊያ ያደረ ሰው ይጠራበት የነበረ ቃል ነው፤ አባቱ በአርበኝነት የሞተበት ልጅ የማደሪያ ቤት ጓደኛውን በዚህ ቃል ሲጠራ ከዚያ ወዲያ ሊነገር የሚችል ነገር አልነበረም። ‹‹ሂስና ግለ ሂስ›› የሚባለውም በዚያ ዘመን በየስብሰባው የሚዘወተር ሥርዓት ሰውን ስለ ጥፋቱ ያናዝዝ ነበር እንጂ ስለ ሐሳቡ አይጠይቅም ነበር።

ለዚህ አወዳደቅ ተሟጋቾቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ክርክሩ ስለ ሥልጣን ባለቤትነት ነበረ፤ መድረኩ ደግሞ የባለ ሥልጣኑ ነበረ። ዳኛው የነገሩ ባለቤት በሆነበት ችሎት የሚቆም ሰው ስሙን ደብቆ በብዕር ስም ቢጽፍ አይፈረድበትም። ስም ሲደበቅ ግን አንባቢው የተጻፈውን መመዘን ትቶ ጸሐፊውን መገመት ይጀምራል፤ ይህ የእገሌ ወገን ነው፥ ያ የእገሌ ነው እያለ። ‹‹ምን አለ?›› የሚለው ጥያቄ ‹‹የማን ነው?›› በሚለው ተተካ። ዐምዱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. የመኢሶን መሪ ከነበሩት አንዱ የሆነው ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደለ። ጥር 26 ቀን የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ጓዶቻቸው በጓዶቻቸው እጅ ሞቱ፤ ሥልጣኑም በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም እጅ ገባ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. በሜይ ዴይ ዋዜማ በአዲስ አበባ በርካታ ወጣቶች ተገደሉ። ‹‹ነፃ እርምጃ›› የሚባለው ቃል በዚያ ዘመን የተለመደ ነው፤ ሳይጠይቁ መግደል ማለት ነው። በነሐሴ ወር ደግሞ መኢሶን ራሱ ሸሽቶ ኅቡእ ገባ፤ ዋናው መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ከታሰረ በኋላ ተገደለ። ሂሳዊው ድጋፍ የሚያበቃው መቼ ነው? ለሚለው ጥያቄ የመጣው መልስ ይህ ሆነ። ጊዜያዊውን ሕዝባዊ መንግሥት ማን ያቋቁማል? የሚለውም ያለ መልስ ቀረ።

እዚህ ላይ ለሕግ ባለሙያ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስለ ዘር ማጥፋት በሚደነግገው አንቀጹ ውስጥ የፖለቲካ ቡድንን ጨምሮ ይጠብቅ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያጸደቁት ስምምነት ይህን አልጨመረም። ይህች አገር፥ የፖለቲካ ፓርቲ ያልነበራት አገር፥ ሰውን በፖለቲካ ወገንነቱ ብቻ ማጥፋት የዘር ማጥፋት ያህል ወንጀል መሆኑን በሕግ መጽሐፏ አስቀድማ ጽፋ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ይህ አንቀጽ ከ20 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር ለማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ክስ የተመሠረተው በዚሁ አንቀጽ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠ። ከ30 ዓመት በፊት ያልተመለሰው ጥያቄ ያን ጊዜ በችሎት ‹‹ተጠየቅ›› ተብሎ ተመለሰ፤ ዋናው ተከሳሽ ግን በሌለበት።

ስለ 1997 ዓ.ም. ክርክር ሲነሣ የብዙ ሰው ፊት ይፈካል። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት በነበሩት ወራት ገዢው ፓርቲ፥ ቅንጅትና ኅብረት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተከራከሩ። ቡና ቤቶች ሞሉ፤ የታክሲ ሾፌሮች ሬዲዮናቸውን ከፍ አድርገው ሲሄዱ ተሳፋሪው መውረጃውን እስኪያልፍ ያዳምጥ ነበር። ከሁሉ የተሻለው በመሬት ጉዳይ ላይ የተደረገው ነው። ሕገ መንግሥቱ በ40ኛው አንቀጽ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ ነው ይላል። ተቃዋሚዎቹ ገበሬው መሸጥ የማይችለው ነገር በእርግጥ የራሱ ነውን? ብለው ጠየቁ። ገዢው ፓርቲም በድርቅ ዓመት የተቸገረው ገበሬ መሬቱን በርካሽ ሸጦ ወደ ከተማ ቢፈልስ ማን ያነሣዋል? ሲል መልሶ ጠየቀ። ሁለቱም ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም ወገን በተቻለው መጠን ምላሽ ሰጠ። የሰሙት ሰዎች የወደዱትን ወገን ባይለቁም የሌላውን ወገን ምክንያት በቃላቸው ሊደግሙት ይችሉ ነበር። ተቃዋሚን ምክንያት በሚገባ መድገም መቻል የእውነተኛ ውይይት ምልክት ነው፤ ዛሬ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ያም ክርክር ፍጹም አልነበረም። ወደ ምርጫው ቀን ሲቃረብ የገዢው ፓርቲ ባለሥልጣናት ተቃዋሚውን በሩዋንዳው ኢንተርሐምዌ መሰሉት፤ ከተቃዋሚውም ወገን ፓርቲን ከአንድ ሕዝብ ስም ጋር የሚያቆራኝ ቃል ተሰማ። ‹‹የማን ነው?›› የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ የአገር አቀፉ ውጤት ግን በውዝግብ ተዋጠ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ብጥብጥ የ193 ሲቪሎችና የ6 ፖሊሶች ሕይወት እንዳለፈ መርማሪ ኮሚሽኑ አረጋገጠ። በቴሌቪዥን የታዩት የቅንጅት ተከራካሪዎች ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ።

በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ምርጫዎችም የቴሌቪዥን ክርክር ተደርጎ ነበር፤ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፥ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። የማይሸነፍ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ለተጠየቀው መመለስ ለምን ያስፈልገዋል? የጥንቱ ተሟጋች በቅሎውን አስይዞ ነበር የሚናገረው። ውርርድ የሌለበት ሙግት ወግ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በእርግጥም በእነዚያ ዓመታት ተቃዋሚውም ሳይመልስ መናገርን ተለማመደ፤ ሥልጣን እንደማይይዝ ያወቀ ሰው ለቃሉ ዋስ አይጠራምና።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ስደተኞቹ ተመለሱ፤ እስረኞቹም ተፈቱ። ቀድሞ አንድ መድረክ ብቻ ነበረና የተዘጋ ጊዜ ሁሉም ዝም ይል ነበር፤ አሁን መድረኩ እጅግ በዛ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መድረክ የአንድ ወገን ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ጣቢያ፥ የራሱ ተንታኝ፥ የራሱ አድማጭ አለው። ተቃዋሚው በሌለበት ስለ ተቃዋሚው ይነገራል፤ እርሱም በራሱ ጣቢያ እንዲሁ ያደርጋል። የሕግ ሰው ይህን በሌለበት የታየ ጉዳይ ብሎ ይጠራዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ አንዱ ወገን ሌላውን ‹‹ጁንታ››፥ ሌላውም መልሶ ‹‹ፋሺስት›› አለው። ሁለተኛው ቃል ለ1968ቱ ሰዎች አዲስ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ፕሪቶሪያ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ሸምጋይነት ፊት ለፊት ተቀምጠው ፈረሙ። ከአላፊ አግዳሚው መካከል ዳኛ ይፈለግ የነበረበት አገር ልጆች የሚያስቀምጣቸው ሦስተኛ ሰው ለማግኘት ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዱ። እዚያም ቢሆን የተነጋገሩት ስለ ጦርነቱ ማቆሚያ ነው፤ ወደ ጦርነቱ ስላደረሰው ጥያቄ የተሰጠ ዝርዝር መልስ በአደባባይ አልተሰማም።

በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን 11 ኮሚሽነሮች ተሾመውለት ሥራውን ጀመረ፤ የሥራ ዘመኑም በ2017 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ተራዘመለት። ኮሚሽኑ በየክልሉ እየተዘዋወረ ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች አጀንዳ ሰብስቦአል። ድካሙ አይናቅም። ነገር ግን አጀንዳ መስጠት ክስ ማቅረብ ነው እንጂ መሟገት አይደለም። ገበሬው፥ ነጋዴው፥ ምሁሩ በየጉባኤው ቅሬታውን ሲያስመዘግብ ለቅሬታው መልስ መስጠት ያለበት ሰው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ አይጠየቅም፤ አንዳንድ የተቃዋሚ ፓርቲዎችና መሣሪያ ያነሡ ኃይሎችም ከአዳራሹ ውጭ ቆይተዋል። ‹‹ምክክር›› የሚለው ቃል ራሱ ከ‹‹ክርክር›› የለሰለሰ ነው፤ የተመረጠውም ሳይሆን አይቀርም ለልስላሴው። በአማርኛ ግን መካሪ የሚሆነው ወዳጅ ነው፤ ከባላጋራ ጋር የሚደረገው ነገር ሙግት ይባላል። ባላጋራነቱ ሳይነገር ምክሩ ቢቀድም ሁለቱም ወገን ያልተጠየቀውን ጥያቄ በጉያው ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የዚህ ማኅበር አባላት በዚህ ነገር ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። በማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ አባልነት መዋጮ ሁለት ሰዓት ሲከራከሩ የሚሰሙ ሰዎች፥ አገሪቱ በጦርነት ላይ ሳለች አንድ ባልደረባ ያለ ክስ ስለ መታሰሩ ሲነሣ አጀንዳው እንዲያልፍ ድምፅ ይሰጣሉ። ምክንያቱም ይታወቃል፤ ታሳሪው ‹‹የማን እንደ ሆነ›› ሁሉም በልቡ መዝኖታል። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የታሳሪውን ወገን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አሳሪውን ነው፤ ‹‹በምን ሥልጣን ያዝኸው? ቅረብና መልስ›› ብሎ። ከ‹‹ተጠየቅ›› ሁሉ አጭሩና ብርቱው ይህ ነው፤ በእጃቸው የያዙት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው።

ልደታ ከሚገኘው ፍርድ ቤት በማለዳ የሚገባ ሰው ሁለት ጠበቆች በአንድ ችሎት ፊት ሲፋጠጡ ያያል። አንዱ የሌላውን ማስረጃ አንድ በአንድ ያፈርሳል፤ ሌላው ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ ይሰጣል፤ ዳኛው ‹‹ለተጠየቀው ብቻ ይመልሱ›› ሲሉት ተግሣጹን ተቀብሎ ወደ ነገሩ ይመለሳል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱ ካባቸውን በክንዳቸው ላይ አጥፈው፥ ፋይላቸውን በብብታቸው ይዘው፥ መንገዱን ተሻግረው አንድ ጠረጴዛ ላይ ማኪያቶ ያዝዛሉ። ስለ ቀጠሮው፥ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ያወራሉ፤ ጠዋት የተባባሉት ቃል በመካከላቸው የለም። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ዜና ይጀምራል። አንደኛው ቀና ብሎ ያያል፤ ከዚያ የባልደረባውን ፊት በስርቆት ያያል፤ ሌላው ደግሞ ስኳሩን ያማስላል። አስተናጋጇ መጥታ ሒሳቡን እስክትጠይቅ ድረስ ሁለቱም አይናገሩም።